በጅቡቲ የድንጋይ ኩሬዎች ያየኋቸው ጥቁር ፍጥረታት የትኞቹ የባሕር ኪያሮች ናቸው?

የለቡው ተጓዥ

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ወደ ጅቡቲ የሚነሣውን ባቡር ጩኸት ለዓመታት ከቤቴ ሆኜ ስሰማ ኖሬ፣ ባለፈው ጥር ግን ለዕቃ ማስለቀቅ ጉዳይ ራሴ ተሳፍሬ ወረድሁ። ጉዳዬ ቶሎ አልቆ አንድ ቀን ስለተረፈኝ፣ ከከተማው በስተምዕራብ ወደሚገኘው ኮር አምባዶ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ሄድሁ። የደረስሁት ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት ስለነበረ፣ በጥቁሮቹ ድንጋዮች መካከል የቀረው ውኃ ትንንሽ ኩሬዎች ሠርቶ ነበር።

በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ ሦስት ዓይነት ፍጡር አየሁ። አንደኛው እንደ ክንዴ የሚረዝም፣ እንደ ረጠበ ካልሲ የለሰለሰ፣ ጥቁር ነገር ነው። የኋላ አካሉን ድንጋይ ሥር ወትፎ የፊቱን ብቻ አሸዋው ላይ ዘርግቶ፣ በአፉ ዙሪያ ባሉት ቁጥቋጦ መሰል ጣቶች መሬቱን ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋል። ጥፋቴን አልሸሽግም፤ ስቤ ላወጣው ስሞክር ከኋላው ነጫጭ ክሮች ለቀቀብኝና ጣቶቼ ላይ ተጣብቀው እስከ ማታ አልለቀቁኝም። ሁለተኛው እርሱም ጥቁር ሆኖ አጠር ያለ፣ ሰውነቱ ሁሉ አሸዋ የለበሰ፣ በጀርባው ላይ ግን አሸዋ ያልነካቸው ክብ ክብ ቦታዎች በሁለት ረድፍ የተደረደሩበት ነበር። ሦስተኛው አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም ቡናማ መስመር ያለበት ነገር ሲሆን እባብ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ በጣቴ ጫፍ ስነካው እንደ ጭጎጎት ያዘኝ።

ሦስቱንም ፎቶ አንሥቻለሁ። አንደኛውና ሁለተኛው ወንድና ሴት ይሆኑ?

ጥልቁ

ሁለቱም ሆሎቱሪያ አትራ ናቸው፤ በቀይ ባሕርም ሆነ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚታየው ጥቁር የባሕር ኪያር ይኸው ነው። አንደኛው አሸዋ ያልለበሰው እርስዎ ስበው ስላጠቡት ይሆናል። ሦስተኛው የባሕር እባብ ወይም የእባብ ዓሣ ዘር ስለሆነ ከዚህ ውይይት ጋር አይገናኝም። ጥያቄው የተመለሰ ይመስለኛል።

መምህር ዘሰበታ

ወንድማችን ጥልቁ ለሁለተኛው የሰጡት ስም ትክክል ይመስለኛል፤ ለአንደኛውና ለሦስተኛው የሰጡት መልስ ግን ሊታረም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። እኔ በሰበታ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባሕር በየቀኑ የማይ ሰው ባልሆንም፣ የባሕር ኪያር ከማስተምራቸው ፍጥረታት ሁሉ ተማሪዎቼን የሚያከራክራቸው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትቀየሙኝ።

የባሕር ኪያር ትል አይደለም፤ ቅርፊት የለሽ ቀንድ አውጣም አይደለም። የባሕር ኮከብና የባሕር ጃርት የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። የእነዚህ ፍጥረታት አካል በአምስት ወገን የተደለደለ መሆኑን በኮከቡ ላይ በግልጽ እናየዋለን፤ የባሕር ኪያር ግን ያንኑ አምስት ወገን ይዞ በጎኑ የተኛ ስለሆነ ይሸሸግብናል። ብዙዎቹን ዝርያዎች ገልብጦ ያየ ሰው ከሆዱ በኩል ሦስት፣ ከጀርባው በኩል ሁለት የቱቦ እግር ረድፎች እንዳሉ ያስተውላል። በሆድ በኩል ያሉት ድንጋይ የሚይዙ መርገጫዎች ሲሆኑ፣ በጀርባ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኪንታሮት መሰል ጉብታነት ተለውጠዋል። ድንጋይ ላይ የተኛ ጥቁርና ለስላሳ ነገር ቀንድ መሰል ጥንዶች በራሱ ላይ ካሉት የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ የአፍ ጣቶቹ በአንድ ጫፍ ዙሪያ ክብ ሠርተው ከተሰበሰቡ ግን የባሕር ኪያር ነው።

አሁን ወደ አንደኛው ልመለስ። ነጫጮቹ ክሮች በፈረንሳዊው የተፈጥሮ ሊቅ በጆርጅ ኩቪዬ ስም የኩቪዬ ቱቦዎች ተብለው ይጠራሉ። እንስሳው ሲነኩት ከኋላው የሚለቃቸው የመከላከያ መሣሪያዎቹ ናቸው፤ ውኃ ሲያገኙ ይረዝማሉ፣ የነካቸውንም ሁሉ ይይዛሉ። ዋናው ነጥብ ሆሎቱሪያ አትራ እነዚህ ቱቦዎች የሉትም። ቱቦ ያለው፣ ረጅም፣ ለስላሳ፣ ጥቁር፣ የኋላ አካሉን ድንጋይ ሥር አስሮ በፊቱ ብቻ የሚመገብ ከሆነ ሆሎቱሪያ ሌውኮስፒሎታ ለመሆኑ ትልቅ ምልክት ነው። ስሙ በግሪክኛ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ማለት መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል፤ የሚታየው ሁሉ ጥቁር ነውና። የአትራ ስም ግን በላቲን ጥቁር ማለት ስለሆነ ከመልኩ ጋር ይስማማል።

ሦስተኛው ደግሞ የባሕር ኪያር ነው ብል እንደማታምኑኝ እገምታለሁ። የሲናፕታ ወገን የሆኑት ዝርያዎች የቱቦ እግር የላቸውም። ቆዳቸው ስስ ነው፤ ውኃ ሲጎድልባቸውም እንደ ባዶ ከረጢት ይጨማደዳሉ። በቆዳቸው ውስጥ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታዩ የመርከብ መልሕቅ ቅርጽ ያላቸው የኖራ ቅንጣቶች አሉ፤ የለቡውን ወንድማችንን ጣት እንደ ጭጎጎት የያዘው ይህ ነው። ሲናፕታ ማኩላታ የተባለው ዝርያ ከሁለት ሜትር በላይ ሊረዝም ስለሚችል እባብ መምሰሉ አያስገርምም።

የወንድና የሴት ጥያቄን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ዝርያዎች ወንድና ሴት ቢኖራቸውም በውጭ መልካቸው መለየት አይቻልም።

ጥልቁ

ለእርማቱ አመሰግናለሁ፤ ስለ ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ ተሸንፌአለሁ። ስለ አንደኛው ግን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ሰው ሁሉ እንስሳውን እየጎተተ ክር እስኪለቅ ሊጠብቅ አይገባም። ሳይነኩት፣ በዓይን ብቻ፣ ሁለቱ እንዴት ይለያሉ?

መምህር ዘሰበታ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ከቀለሙ በፊት አኳኋኑን ማየት ነው። አትራ ፀሐይ በሚመታው ገላጣ አሸዋ ላይ ሙሉ አካሉን አውጥቶ ይተኛል፤ ሌውኮስፒሎታ ግን ግማሽ አካሉን ከስንጥቅ ወይም ከድንጋይ ሥር አያወጣም። አትራ አሸዋ ለብሶ በጀርባው ላይ አሸዋ ያልያዙ ጥንድ ጥንድ ክብ ቦታዎች ይታዩበታል፤ ሌውኮስፒሎታ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ አይለብስም፣ ጀርባውም በለስላሳ ጉብታዎች የተሞላ ነው። የአትራ ቆዳ ሲታሽ ቀይ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ይህን ግን ለማረጋገጥ ብላችሁ አትሹት፤ ሌላ ሰው አሽቶት ካያችሁ ብቻ ምልክት ይሁናችሁ።

በአካባቢው የሚገኘውም ነገር ይመሰክራል። ሁለቱም አሸዋ እየዋጡ በውስጡ ያለውን የበሰበሰ ነገርና ደቂቅ ሕይወት አጣጥመው፣ የቀረውን አሸዋ በድብልብል መልክ ያስወጣሉ። ኩሬው ውስጥ እንደ ቋሊማ የተጠቀለለ የአሸዋ ክምር ካያችሁ፣ እንስሳው ባይታይ እንኳ ድንጋዩ ሥር አለ ማለት ነው።

ጡረተኛው መርከበኛ

ልጆቼ፣ ይህን ውይይት የልጅ ልጄ አሳየኝና እንድጽፍ አስገደደኝ። ዛሬ የምኖረው አቃቂ ነው፤ የወጣትነት ዘመኔን ግን በምፅዋ የባሕር ኃይል ጣቢያ ነው ያሳለፍሁት። የዛሬ ሰው ሳይንሳዊ ስሙን ይጠራል፤ እኛ ግን በወቅቱ የምንጠራበትን ስም እዚህ ልጽፈው አልችልም፤ ቅርጹን ያየ ሁሉ ይገባዋል።

በመጀመሪያ ለለቡው ልጄ አንድ ተግሣጽ አለኝ። ያን እንስሳ መጎተት አይገባህም ነበር። በግርግሱም ዳርቻ አንድ ባልደረባችን ለጨዋታ አንሥቶ በሌላው እግር ላይ ጣለውና ነጩ ክር ከእግሩ ጠጉር ጋር ተጣብቆ፣ በምላጭ እስኪላጭ ድረስ አልለቀቀውም። ይባስ ብሎ በዚያው እጁ ዓይኑን አሸና ለሁለት ቀን ዓይኑ ቀልቶ ከረመ። በእነዚህ እንስሳት ቆዳ ውስጥ መርዝ እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው። የነካ ሰው እጁን በደንብ ሳይታጠብ ፊቱን መንካት የለበትም።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። እናንተ የምታወሩት ጸጥ ባለው ኩሬ ውስጥ ስላለው ብቻ ነው። ማዕበሉ በሚመታው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት አለ፤ ቡናማ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ወፈር ያለ፣ ድንጋዩን እንደ ሙጫ የያዘ። ብትነቀንቀው አይነቃነቅም። የኋላውን በጥንቃቄ ያየ ሰው አምስት ጥርስ መሰል ነገር ያያል። ጥርሱ በአፉ ሳይሆን በመቀመጫው መሆኑን ሰምቶ የማይስቅ ምልምል አልነበረም።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። በቀይ ባሕር መካከለኛ ክፍል የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ልዩነት እምብዛም ነው፤ በምፅዋ አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ በጅቡቲ በኩል ግን ጨረቃ ሞልታ ስትወጣና አዲስ ስትወለድ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ኩሬ ለማየት ጅቡቲ ይሻላል። የምትሄዱት ውኃው ወደ መጨረሻው ዝቅታ ከመድረሱ አንድ ሰዓት አስቀድማችሁ ይሁን፤ ውኃው እየወረደ ስትከተሉት ጀርባችሁን ለባሕሩ አትሰጡም፣ መመለሻ ጊዜም ይተርፋችኋል።

መምህር ዘሰበታ

አባታችን የጠቀሱት ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ዝርያ አክቲኖፒጋ ማውሪቲያና ሳይሆን አይቀርም፤ የአክቲኖፒጋ ወገን ዋናው መለያ እርስዎ ያዩዋቸው አምስቱ የፊንጢጣ ጥርሶች ናቸው። እንስሳው የሚተነፍሰው በዚያው በኩል ስለሆነ ቀዳዳውን ደጋግሞ ሲከፍትና ሲዘጋ ይታያል። በአንዳንድ የባሕር ኪያሮች ውስጥ በዚህ ቀዳዳ ገብቶ የሚኖር ቀጭን ዓሣ አለ፤ ጥርሱ ይህን እንግዳ ለመከላከል ነው የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ።

መርዙን በተመለከተ፣ ሳፖኒን ከሚባሉት ሳሙና መሰል ውሑዶች የሚመደብ ነው። እኛ አገር በእንዶድ ውስጥ ያለውና አረፋ የሚያስነሣው ነገር የዚሁ ወገን ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ቦታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያዩ የመረመሩት ውሑድ ከባሕር ኪያሩ መርዝ ጋር የሩቅ ዝምድና እንዳለው ለተማሪዎቼ ስነግራቸው፣ ትምህርቱ ወዲያው ከባሕር ወደ ጓሯቸው ይመጣላቸዋል።

ከእንጦጦ ሥር

የጨረቃውን ነገር ለማስላት የውጭ አገር ሠንጠረዥ ለማያገኝ ሰው ባሕረ ሐሳብ ይረዳዋል። በየዕለቱ የሚሰላው ሠርቀ ሌሊት የጨረቃን ዕድሜ ስለሚናገር፣ ቁጥሩ ወደ 1 ወይም ወደ 15 ሲጠጋ ታላቁ ሽሽት ቀርቧል ማለት ነው። ስሌቱ ከሰማይዋ ጨረቃ ጋር አንድ ሁለት ቀን ሊለያይ ይችላል፤ ባሕሩም በአብዛኛው ከጨረቃዋ ሙላት በኋላ አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው አብዝቶ የሚሸሸው። ስለዚህ ሦስት አራት ቀን ይዞ መሄድ ይሻላል። ሰዓቱን ግን የጅቡቲ ወደብ የሙላትና የሽሽት ሠንጠረዥ እንጂ ባሕረ ሐሳብ አይነግረንም።

የዱከሟ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ የባሕር ዳርቻ ረግጬ አላውቅም፤ ነገር ግን ዱከም በሚገኘው የኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ለቻይናውያን ሠራተኞች ምግብ በሚዘጋጅበት ወጥ ቤት ለአራት ዓመት ስለሠራሁ ይህን ፍጡር ከማናችሁም በላይ በእጄ አገላብጫለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እነርሱ ሃይ ሸን ይሉታል። ደርቆ ሲመጣ እንደ ከሰል የጠነከረ፣ ከጣት የማይበልጥ ነገር ነው። ለብዙ ቀናት ውኃው እየተቀየረ ይዘፈዘፋል፣ ይቀቀላል፣ እንደገና ይዘፈዘፋል፤ በመጨረሻ ከነበረበት በብዙ እጥፍ አብጦ እንደ ጄላቲን ይንቀጠቀጣል። ዋናው ጥንቃቄ ቅባት የነካው ዕቃ ውስጥ አለመዘፍዘፍ ነው፤ አለቃችን ቅባት ከነካው ይሟሟል ይሉ ስለነበር ለእርሱ ብቻ የተለየ ድስት ነበረን።

ሁለት ዓይነት እንደነበረ አስታውሳለሁ፤ አንዱ ጀርባው እሾህ እሾህ ያለበት፣ በጣም የሚከበር ሲሆን፣ ሌላው እሾህ የሌለው፣ በጎን በጎኑ የተሸበሸበ ነበር። ከሁለተኛው አንድ ደረቅ ፍሬ ለማስታወሻ ብለው ሰጥተውኝ እስከ ዛሬ ብፌ ውስጥ አለ። መምህር፣ ከየትኛው ባሕር እንደመጣ ማወቅ ይቻላል?

መምህር ዘሰበታ

እኅቴ፣ ከየትኛው ባሕር እንደመጣ መናገር አልችልም፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ግን በጥቂቱ መጠጋት ይቻላል። የደረቀና የተቀቀለ የባሕር ኪያር መልኩ ቢጠፋም በቆዳው ውስጥ ያሉት ኦሲክል የሚባሉ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች አይጠፉም። የዝርያ ጉዳይ ሲያከራክር ባለሙያዎች የሚዳኙት በእነዚህ ቅንጣቶች ቅርጽ ነው። ጠረጴዛ የሚመስሉ አሉ፣ የልብስ አዝራር የሚመስሉ አሉ፣ ቀደም ብዬ እንዳልሁትም መልሕቅ የሚመስሉ አሉ። የእሾሃሙ ዓይነት አፖስቲኮፐስ ጃፖኒከስ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ እስያ ቀዝቃዛ ባሕር ነዋሪ ሳይሆን አይቀርም። ፈቃድዎ ከሆነ ከጫፉ የምስር ግማሽ የምታህል ቁራጭ ብትልኩልኝ ከተማሪዎቼ ጋር እናየዋለን።

ጥልቁ

እንዴት ነው የምታዩት? እኔም የድሮ ማይክሮስኮፕ አለኝ። በሎሚ ቢሟሟ አይቀልም?

መምህር ዘሰበታ

ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ እንዳታስነኩት፤ አሲድ የሚፈልጉትን የኖራ ቅንጣት ራሱን ያሟሟዋል፤ ሥጋው ይቀርልዎታል፣ ማስረጃው ይጠፋል። የሚፈለገው ተራ በረኪና ነው። ትንሿን ቁራጭ በመስታወቱ ላይ አድርገው አንድ ሁለት ጠብታ በረኪና ይጨምሩ፤ ሥጋው እስኪሟሟ ጥቂት ደቂቃዎች ይታገሡ። ከዚያ በኋላ በንጹሕ ውኃ ሦስት አራት ጊዜ ቀስ አድርገው ያለቅልቁት፤ ውኃውን በወረቀት ጫፍ እየመጠጡ ማለት ነው። መቶ እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ በደንብ ይታያል። ሙሉ እንስሳ የሚያስቀምጡ ቤተ ሙከራዎችም በአልኮል እንጂ ባልተመጠነ ፎርማሊን አያቆዩትም፤ ፎርማሊን እየቆየ አሲድ ስለሚሆን ከዓመታት በኋላ ቅንጣት የሌለው ቆዳ ብቻ ይቀራል።

ይህን ስል ግን ማንም ከጅቡቲ ዳርቻ ሕያው እንስሳ ቆርጦ ወይም ይዞ እንዲመጣ መምከሬ አይደለም። ለገበያ ከሚፈለጉት መካከል ሆሎቱሪያ ኖቢሊስና ሆሎቱሪያ ፉስኮጊልቫን የመሳሰሉት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር የሚደረግበት ሆኗል። በዳርቻ ኩሬ ውስጥ ለሚታየው ፎቶ ይበቃል።

የዱከሟ

ቁራጩን ሰበታ ለሚሄድ የእኅቴ ልጅ ሰጥቻለሁ። በምላጭ አልቆረጥ ብሎኝ በመጋዝ ነው የቆረጥሁት።

መምህር ዘሰበታ

ቁራጩ ደርሶናል፤ ትናንት ከዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር አየነው። የመጀመሪያው ሙከራችን ከሽፏል፤ በደንብ ሳናለቀልቅ በመቅረታችን የጨው ቅንጣት ሁሉ ኦሲክል መስሎን ተከራከርን። በሁለተኛው ላይ ግን ጠረጴዛ መሰል ቅንጣቶችና ጉብታ ጉብታ ያለባቸው አዝራሮች በብዛት ታዩ። የአትራ ቆዳ ጠረጴዛና ጽጌረዳ መሰል ቅንጣት እንጂ አዝራር ስለሌለው፣ አትራ አለመሆኑን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ባለ ጉብታው አዝራር በገበያ እጅግ ከሚፈለገውና በአሸዋ ውስጥ ከሚቀበረው ከሆሎቱሪያ ስካብራ ጋር ይስማማል፤ ይሁን እንጂ ሌሎችም ተመሳሳይ አዝራር ያላቸው ዘመዶች ስላሉ በመዝገባችን ላይ የጻፍነው «ስካብራ ወይም የቅርብ ዘመዱ» ብለን ነው። አንዲት ተማሪ «ወይም» የሚለውን ቃል ለምን እንደጨመርን ጠይቃኝ ክፍለ ጊዜው በዚያው አለቀ።

የለቡው ተጓዥ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ ለመርከበኛው አባታችን ተግሣጽም ጭምር። መምህር የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር አጉልቼ ደግሜ ተመለከትኋቸው። በአንደኛው ፎቶ ላይ ድንጋዩ አጠገብ ያ የተጠቀለለ የአሸዋ ክምር አለ፤ በወቅቱ ጭቃ መስሎኝ ረግጬው ነበር።

ያልተጠበቀው ነገር ያለው ግን ሁለተኛው ፎቶ ላይ ነው። አሸዋ የለበሰው እንስሳ ወገቡ ላይ በክር የታሰረ ያህል ቀጥኗል፤ የፊቱና የኋላው ክፍል ደግሞ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ተጠማዝዘዋል። በድንጋይ መካከል ተጣብቆ ይሆናል ብዬ አልፌው ነበር፤ አሁን ሳየው ግን ዙሪያው ገላጣ አሸዋ ነው፣ የሚያጣብቀው ድንጋይ የለም። ሕመም ይሆን?

መምህር ዘሰበታ

ሕመም አይመስለኝም። ሆሎቱሪያ አትራ፣ በተለይም በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚኖሩት ትንንሾቹ፣ ያለ ወንድና ሴት ለሁለት በመከፈል ይራባሉ። እንስሳው መካከሉን እያጠበበ ሁለቱን ጫፎች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ያዞራል፤ ቆዳው በዚያ ቦታ ላይ እንደ ለሰለሰ ሊጥ ይሆንና በመጨረሻ ይበጠሳል። የፊተኛው ግማሽ የጎደለውን የኋላ፣ የኋለኛውም ግማሽ አፉንና ጣቶቹን ቀስ በቀስ ያበቅላል። ፎቶዎን በዚህ መድረክ ላይ ቢለጥፉልን፣ ፎቶ ያነሡበትን ሰዓትም ቢነግሩን ደስ ይለኛል፤ ይህን በሥዕል እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

የለቡው ተጓዥ

ለጥፌዋለሁ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ከሩብ ነበር። ስመለስ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ በዚያው ኩሬ አጠገብ አልፌ አንድ ተጨማሪ ፎቶ አንሥቼ ነበር፤ በእርሱ ላይ ክሩ ይበልጥ ቀጥኗል፣ ነገር ግን ገና አልተበጠሰም። ባቡሩ በማግሥቱ ጠዋት ስለነበረ ፍጻሜውን አላየሁም።